ኮምፒውተሩ ከተነሳ በኋላ የሚሰካ ኔትወርክ ካርድ በሊኑክስ

ድሮ ኔትወርክ ካርድ ማለት ማዘርቦርድ ላይ ተሰክቶ በብሎን የታሰረ ዕቃ ነበር። ማሽኑ ሲነሳ አለ፣ ወይም የለም። ከሌለ ኮምፒውተሩን ማጥፋት፣ ከፍቶ መሰካት፣ መልሶ ማብራት ነው። የሊኑክስ ማስነሻ ስክሪፕቶችም የተጻፉት ይህንኑ ይዘው ነው። አንዴ ይቃኛሉ፣ ላገኙት ካርድ አይፒ አድራሻ ይሰጣሉ፣ በቃ።

ዩኤስቢ ይህን አሠራር አፈረሰው። ዛሬ ሰው ላፕቶፑን ከከፈተ በኋላ ዶንግል (በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ የኢንተርኔት መሣሪያ) ይሰካል። ወይም ስልኩን በኬብል አገናኝቶ ዳታውን ያጋራዋል፤ ያኔ ስልኩ ራሱ ለላፕቶፑ ኔትወርክ ካርድ ይሆንለታል። በቨርቹዋል ማሽን (በሶፍትዌር የተፈጠረ ኮምፒውተር) ላይማ ካርዱ በእጅ የሚያዝ ነገር እንኳ አይደለም። አስተዳዳሪው በአንድ ትእዛዝ በሥራ ላይ ያለ ሰርቨር ላይ ይጨምረዋል።

ዕቃው ሲሰካ ቀድሞ የሚያውቀው ከርነሉ፣ ማለትም የሊኑክስ እምብርት የሆነው ፕሮግራም ነው። የዩኤስቢ ዕቃ ማንነቱን በሁለት ቁጥሮች ይናገራል፤ አንዱ የአምራቹ፣ ሌላው የምርቱ። ከርነሉ ይህን ይዞ መልእክት ያሰራጫል። የሚያዳምጠው ዩዴቭ የተባለ ፕሮግራም ነው። ዩዴቭ ቁጥሮቹ ከየትኛው ድራይቨር (ዕቃውን ከከርነሉ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ጋር እንደሚገጥሙ አይቶ ድራይቨሩን ያስጭናል። ብዙ የዋይፋይ ካርዶች በዚህ ላይ ፈርምዌር፣ ማለትም ካርዱ ውስጥ የሚጫን ፕሮግራም ይፈልጋሉ። ፋይሉ ዲስኩ ላይ ከሌለ ነገሩ እዚሁ ይቆማል። ሁሉም ከተሟላ ኢንተርፌሱ (ካርዱ በሲስተሙ ውስጥ የሚታወቅበት መግቢያ) ይፈጠራል፣ ስለ እሱም ሌላ መልእክት ይወጣል፣ ዩዴቭም ስም ያወጣለታል።

እዚህ ላይ አንድ ብልሃት አለ። ማሽኑ ሲነሳ ከርነሉ ዩዴቭን ይቀድማል። ስለዚህ ከመጀመሪያው የነበሩት ካርዶች መልእክታቸው ሲወጣ ሰሚ የለም። ዩዴቭ ሥራ ሲጀምር ከርነሉን «ያልከውን ሁሉ ድገምልኝ» ይለዋል። ቀድሞ የነበረውም ዘግይቶ የመጣውም በአንድ መንገድ ያልፋሉ። ለእኔ የዚህ ሥርዓት ውበቱ ይሄ ነው። «ከተነሳ በኋላ» የሚባል ለብቻው የሚያዝ ጉዳይ ቀርቷል።

እዚህ የተደረሰው ግን በአንድ ጀምበር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ከርነል 2.4 ለእያንዳንዱ ዕቃ «ሆትፕላግ» የሚባል ፕሮግራም ያስነሳ ነበር። ብዙ ዕቃ ባንድ ጊዜ ሲመጣ የመልእክቶቹ ቅደም ተከተል ይዘባረቃል። የከርነል ገንቢው ግሬግ ክሮአ-ሃርትማን በ2003 ዩዴቭን ጀመረ። በ2012 ዩዴቭ ሲስተሙን ከሚያስነሳውና አገልግሎቶቹን ከሚያስተዳድረው ሲስተምዲ ጋር ተዋሐደ፤ ውሕደቱ ያልጣማቸው ጄንቱ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ሰዎች በዚያው ዓመት የራሳቸውን ቅጂ አወጡ።

የስሙ ነገርም ራስ ያዞር ነበር። ካርዶች እንደ አመጣጣቸው «ኢቲኤች0»፣ «ኢቲኤች1» ይባሉ ነበር። ሁለት ካርድ ባለው ሰርቨር ላይ አንዱ ዛሬ ቀደመ፣ ነገ ዘገየ ማለት የፋየርዎል ሕጉ ያልታሰበው ካርድ ላይ ዋለ ማለት ነው። ከ2013 ወዲህ ሲስተምዲ ስሙን ካርዱ ከተሰካበት ቦታ ያወጣዋል፤ ለምሳሌ «ኢኤንፒ3ኤስ0»። የዩኤስቢ ካርድ ብዙ ጊዜ ስሙ ከማክ አድራሻው (የካርዱ መለያ ቁጥር) ይወሰዳል። ለዓይን አያምርም፣ ግን አይቀያየርም።

ዶንግል የራሱ ጣጣ አለው። ብዙዎቹ ሲሰኩ መጀመሪያ ሲዲ መስለው ይቀርባሉ፤ ውስጡ የዊንዶውስ ድራይቨር ነው። «ዩኤስቢ ሞድስዊች» የተባለ ፕሮግራም ትእዛዝ ሲልክላቸው ራሳቸውን ነቅለው፣ የምርት ቁጥራቸውን ቀይረው በሞደምነት ይመለሳሉ። ለከርነሉ ይህ ሌላ አዲስ ዕቃ ነው፤ አንድ ጊዜ ሰክተህ ሁለት ጊዜ ተሰካ ይልሃል።

ካርዱ ከታወቀ በኋላ አድራሻ የሚሰጠው ሌላ ነው። ዴቢያን በተባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ በድሮው አቀማመጥ «አውቶ» የተባለ ካርድ ማሽኑ ሲነሳ ብቻ ይፈለጋል። «አላው-ሆትፕላግ» የተባለው ግን በመጣ ጊዜ ይነሳል። ሬድ ሃት የተባለው ኩባንያ በ2004 የጀመረው ኔትወርክማናጀር ደግሞ ማሽኑ እስኪጠፋ ድረስ ያዳምጣል። የካርዱን መምጣት ብቻ ሳይሆን የኬብሉን መሰካትና መነቀልም ይከታተላል።

አሁንም የሚያስቸግረው «ኔትወርክ እስኪመጣ ጠብቅ» የሚሉ አገልግሎቶች ናቸው። የሲስተምዲ ጠባቂ ካልተነገረው በቀር እስከ 120 ሰከንድ ይጠብቃል። ኬብል ያልተሰካበት ካርድ በዝርዝሩ ካለ ሰውየው ስክሪን ላይ አፍጥጦ ይቀመጣል። እንዲህ ያለውን ካርድ «አስፈላጊ አይደለም» ብሎ መመዝገብ ይሻላል። ከዚያም በላይ የሚበጀው ፕሮግራሙ ራሱ ኔትወርክ ሲመጣና ሲሄድ እንዲችለው አድርጎ መጻፍ ነው።

ዕቃው ተሰክቶ ዝም ካለ ኢንተርፌሱ በዝርዝር ውስጥ መታየት አለመታየቱን አስቀድሞ ማየት ነው። ስሙ ከሌለ ጉዳዩ የድራይቨር ወይም የፈርምዌር ነው፤ የከርነሉ መዝገብ ይናገራል። ስሙ ኖሮ አድራሻ ከሌለው ኬብሉን ማየት ነው፤ እሱ ደህና ከሆነ ካርዱን ተቀብሎ ማዋቀር የነበረበት ፕሮግራም ሥራውን አልሠራም።