ተቋማዊ መረጃ ምንድን ነው? ኮሌጅ የሚያሻሽለውን ነገር በምን ይመርጣል?

አንድ የኮሌጅ ስብሰባ ላይ ተቀምጣችኋል እንበል። ሰብሳቢው «በሚቀጥሉት አምስት ዓመታት ምን እናሻሽል?» ብለው ይጠይቃሉ። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ መጻሕፍት አነሱን ይላሉ። የኮምፒውተር ክፍሉ ተወካይ ላብራቶሪው አርጅቷል ይላል። አንድ አንጋፋ መምህር ደግሞ «የዘንድሮ ተማሪ እኮ መጻፍ አይችልም!» ብለው ያማርራሉ። ሁሉም እውነታቸውን ነው። እያንዳንዱ የሚናገረው ከተቀመጠበት ወንበር ሆኖ የሚታየውን ነው። በመጨረሻ የሚያልፈው ግን ብዙ ጊዜ ድምፁ ጎላ ያለ ወይም ሥልጣኑ ከፍ ያለ ሰው ሐሳብ ነው።

እዚያ ስብሰባ ላይ የሌለ አንድ ሰው አለ። ባለፈው ሴሚስተር ትምህርቱን አቋርጦ የሄደው ተማሪ። እሱ እጁን አውጥቶ አይናገርም። ሲሄድ ግን ዱካውን ትቷል። የተመዘገበባቸው ኮርሶች፣ ያገኘው ግሬድ፣ ያልከፈለው ቀሪ ሒሳብ፣ አማካሪው ጋ ለመጨረሻ ጊዜ የገባበት ቀን፣ ሁሉም አንድ ቦታ ተጽፎ ተቀምጧል። ተቋማዊ መረጃ የምንለው ይህንን ዱካ ነው።

ኮሌጁ የዕለት ሥራውን ሲሠራ በራሱ እጅ የሚሰበሰብ መረጃ ነው። አብዛኛው ለጥናት ተብሎ የተሰበሰበ አይደለም። ሬጅስትራር ግሬድ ይመዘግባል፣ ፋይናንስ ክፍያ ይቀበላል፣ ዲፓርትመንቶች መጠይቅ ያስሞላሉ። ችግሩ እያንዳንዱ ቢሮ የራሱን ፋይል ብቻ ማየቱ ነው። ፋይናንስ ዕዳ ያለበትን ያውቃል፤ ያ ባለዕዳ ጎበዝ ተማሪ መሆኑን ግን አያውቅም። ሬጅስትራር ግሬዱን ያውቃል፤ ዕዳውን አያይም። ለዚህ ነው በአሜሪካ አብዛኞቹ ኮሌጆች ፋይሎቹን አገናኝቶ የሚያነብ የተቋማዊ ጥናት ቢሮ ያቋቋሙት።

ከመለኪያዎቹ ሁለቱን ብዙ ሰው ሰምቷቸዋል። አንደኛው ከመጀመሪያ ዓመት ወደ ሁለተኛ ዓመት የተመለሱ ተማሪዎች መጠን ነው። ሌላው የምረቃ መጠን ነው። ለእኔ ከሁሉም የሚጠቅመው ግን ብዙም የማይወራለት ሦስተኛው ነው። በአንድ ኮርስ ዲ ወይም ኤፍ ያገኙትንና ኮርሱን ዊዝድሮው ያደረጉትን (በመሃል የተዉትን) ደምሮ ከተመዘገቡት ጋር ማወዳደር ነው። የምረቃ መጠን ችግሩን የሚነግራችሁ ተማሪው ከሄደ ከዓመታት በኋላ ነው። ይህኛው ግን በዚህ ሴሚስተር፣ በዚህ ኮርስ፣ ስንት ተማሪ እንደተደናቀፈ ያሳያል።

ይህ ሁሉ ለጥሩ አስተዳደር ብቻ ተብሎ የሚደረግ አይደለም፤ ግዴታም አለበት። በደቡባዊ የአሜሪካ ግዛቶች ላሉ ኮሌጆች ለረጅም ዘመን ዕውቅና ሲሰጥ የኖረው፣ በአጭሩ ሳክስ የሚባለው ማኅበር የኮሌጆች ኮሚሽን ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ ጆርጂያ፣ ዲኬተር ከተማ ነው። ጆርጂያ፣ ቴክሳስና ቨርጂኒያ በሥሩ ናቸው። የኛ ልጆች በብዛት የሚማሩበት፣ ኖቫ የምንለው የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅም ዕውቅናውን ያገኘው ከዚሁ ኮሚሽን ነው። ኮሚሽኑ በየአሥር ዓመቱ ዕውቅና ሲያድስ ኮሌጁን አንድ የጥራት ማሻሻያ ዕቅድ ሲጠይቀው ኖሯል። ርዕሱን የሚመርጠው ኮሌጁ ራሱ ነው። ነገር ግን ርዕሱ ከራሱ የዕቅድና የግምገማ ሥራ የወጣ መሆን አለበት። የተማሪዎችን መማር ወይም ስኬት የሚያሻሽል መሆን አለበት። ገንዘብና ሰው ሊመደብለት፣ ውጤቱም ሊለካ ይገባል። በቀላል አማርኛ «ይህንን ርዕስ ከየት አመጣችሁት?» ተብለው ሲጠየቁ «ተሰብስበን ተስማማን» ማለት አይበቃም።

አሁን ወደ አንድ እውነተኛ ታሪክ ልውሰዳችሁ። አትላንታና አካባቢዋ ያላችሁ ጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲን ታውቁታላችሁ። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በክላርክስተን ያለው ፔሪሜተር ኮሌጅም በ2016 ከእሱ ጋር ተዋህዷል (የአሜሪካውን ዓመቶች ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። በ2003 በተለካው መሠረት፣ በዚህ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ከጀመሩ በስድስት ዓመት ውስጥ ይመረቁ የነበሩት 32 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከሦስት ተማሪ አንዱ እንኳ አይሞላም ማለት ነው። ከአሥር ዓመት ትንሽ በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ ቁጥሩ 54 በመቶ ደረሰ። በዚያ ላይ ጥቁር ተማሪዎችና ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ የመጡት ከሌላው ተማሪ እኩል መመረቅ ጀመሩ። ይህ በአሜሪካ ብርቅ ነው። ደግሞም የመግቢያ ነጥብ ከፍ አድርገው ደካማ ያሉትን በር ላይ በመመለስ ያመጡት ውጤት አይደለም።

ታዲያ ምን አደረጉ? የራሳቸውን መዝገብ አገላብጠው አነበቡ።

መጀመሪያ የገንዘቡን ላንሳ፤ ከሁሉም የሚነካኝ እሱ ነው። በየሴሚስተሩ መጀመሪያ ክፍያ ያላሟሉ ተማሪዎች ከምዝገባ ይሰረዛሉ። ይህ የፋይናንስ ቢሮ የተለመደ ሥራ ነው። መዝገቡ ሲታይ ግን በየሴሚስተሩ ከአንድ ሺህ በላይ ተማሪዎች እንዲህ ይሰረዙ ነበር። ከእነሱም ውስጥ ጥሩ ውጤት ያላቸው፣ ለመመረቅ አንድ ወይም ሁለት ሴሚስተር የቀራቸው ነበሩበት። የጎደላቸው ገንዘብ አንዳንዴ ጥቂት መቶ ዶላር ነው። ሦስት ዓመት ተኩል የተለፋበት ትምህርት በሦስት መቶ ዶላር ይቀራል! በ2011 ዩኒቨርሲቲው አነስተኛ የድጎማ ፕሮግራም ጀመረ። አማካዩ 900 ዶላር ገደማ ነው። ልብ በሉ፤ ተማሪው ማመልከቻ እንዲያስገባ አይጠበቅም። መዝገቡን የሚያዩት ሰዎች ራሳቸው ለይተው ይጠሩታል። ችግሩን ለመናገር የሚያፍር ተማሪ ስንት እንደሆነ እኛ አበሾች አሳምረን እናውቃለን። ስለዚህ ይህቺ ነጥብ ቀላል አትምሰላችሁ።

ሁለተኛው የኮርሶች ጉዳይ ነው። የአሥር ዓመት መዝገብ፣ ወደ 2.5 ሚሊዮን ግሬድ አንድ ላይ ተመረመረ። ተማሪ ሊወድቅ እንደሆነ የሚጠቁሙ ከ800 በላይ ምልክቶች ተገኙ። በ2012 እነዚህን በየቀኑ የሚከታተል የምክር ሥርዓት ተጀመረ። አንዱን ምሳሌ ብቻ ልንገራችሁ። የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪዎች በሙያቸው የመጀመሪያ ኮርስ ኤ ወይም ቢ ካገኙ ከአራቱ ሦስቱ ያህል ይመረቃሉ። ሲ ያገኙት ግን ከአራቱ አንዱ ብቻ ነው የሚመረቀው። ሲ እኮ ማለፊያ ነው! ማንም አይደነግጥበትም፣ ተማሪው ራሱም «ተመስገን፣ አለፍኩ» ብሎ ይቀጥላል። መዝገቡ ግን ያቺ ሲ የማስጠንቀቂያ ደወል እንደነበረች ተናገረ። በየዓመቱ ከመምህራኑ ጠረጴዛ የሚያልፍ ነገር ነበር፤ አንድ በአንድ ሲያልፍ ግን ማንም አያየውም።

እዚህ ላይ ሶፍትዌሩ ተአምር ሠራ ብሎ መሄድ ስህተት ነው። ደወሉ ሲደወል የሚሰማ ሰው ያስፈልጋል። ዩኒቨርሲቲው በደርዘን የሚቆጠሩ አማካሪዎችን ቀጠረ፤ አንድ አማካሪ ወደ 300 ተማሪ እንዲይዝ አደረገ። ማሽኑን ገዝቶ ሰው ያልቀጠረ ኮሌጅ ያገኘው ተጨማሪ ሪፖርት ብቻ ነው።

ሦስተኛው ከምዝገባ በፊት ያለው ክረምት ነው። ዩኒቨርሲቲውን መርጠው፣ እንመጣለን ብለው ካረጋገጡ አዲስ ተማሪዎች 19 በመቶው በመስከረም ግድም አይታዩም ነበር። የገንዘብ ዕርዳታ ፎርም፣ የክትባት ማስረጃ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትራንስክሪፕት መላክ፤ እዚህ ላይ ይጠፋሉ። ወላጆቹ ኮሌጅ ያልገቡ ልጅ ማንን ይጠይቅ? በ2016 በስልክ መልእክት ጥያቄ የሚመልስ የኮምፒውተር ፕሮግራም ተዘጋጀ። በዚያ ክረምት ብቻ ከ200,000 በላይ መልእክቶችን አስተናገደ። በዕጣ ተከፍለው በተወዳደሩ ሁለት ቡድኖች ላይ ሲለካ የሚጠፉት ተማሪዎች በ21.4 በመቶ ቀንሰዋል።

ሦስቱንም ተመልከቷቸው። «ተማሪዎቻችንን ስኬታማ እናድርግ» የሚል ፕሮጀክት የለም። በእያንዳንዱ ፕሮጀክት ውስጥ ተማሪ የሚወድቅበት አንድ የታወቀ ቦታ አለ፤ የሚወድቁት ቁጥር ይታወቃል፤ ኮሌጁም ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ። ይህ ሦስተኛው በጣም ይረሳል። መዝገቡ «ቀን ከሌሊት የሚሠሩ ተማሪዎች ይወድቃሉ» ቢል ኮሌጁ የቤት ኪራይ ማውረድ አይችልም። የኮርሱን ሰዓት ግን ማስተካከል ይችላል። ጥሩ ፕሮጀክት የሚገኘው ችግሩ ትልቅ፣ መፍትሔው ደግሞ በእጅ ያለ ሲሆን ነው። የመነሻ ቁጥሩም ገና ሳይጀመር መጻፍ አለበት፤ ካለዚያ ከሦስት ዓመት በኋላ ምን እንደተለወጠ ማን ሊናገር ነው?

አማካይ ቁጥር ሲያታልልም ይኖራል። አንድ ኮርስ 80 በመቶ ያሳልፋል እንበል፤ ጥሩ ይመስላል። በጠዋትና በማታ ሲከፈል ግን ጠዋት 90፣ ማታ 60 ሊሆን ይችላል። በአሜሪካ ከዚህ የባሰ የቆየ ክፍተት አለ። የፌዴራል ዕርዳታ የሚቀበል ኮሌጅ ሁሉ አይፔድስ ለሚባለው የመንግሥት ቋት መረጃ ይልካል። ማንም ሰው ኮሌጅ ናቪጌተር የሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ገብቶ ሊያየው ይችላል። ነገር ግን የተለመደው የምረቃ መጠን የሚቆጥረው ለመጀመሪያ ጊዜ ኮሌጅ የገቡና ሙሉ ጊዜ የሚማሩትን ብቻ ነው። ቀን ሠርቶ ማታ ሁለት ኮርስ የሚወስደው እዚያ ውስጥ የለም። ከሌላ ኮሌጅ የተዛወረችውም የለችም። ፓርኪንግ እየሠራ፣ ታክሲ እየነዳ ወይም ነርሲንግ ሆም እያደረ የሚማረው ወገናችን ከዋናው ቁጥር ውጭ ነው ማለት ነው። የትርፍ ሰዓትና የተዛወሩ ተማሪዎችን የሚያካትት ሌላ መለኪያ በኋላ ተጨምሯል። ቢሆንም ፕሮጀክት የሚመርጥ ኮሌጅ በዋናው ቁጥር ብቻ ከሄደ የሚያየው ግማሽ ተማሪውን ነው።

ቁጥር የት እንደሚወደቅ ይናገራል፤ ለምን እንደሚወደቅ ግን አይናገርም። የማታው ክፍል የወደቀው መምህሩ ስለሚቸኩል ነው? የመጨረሻው አውቶቡስ ቀድሞ ስለሚሄድ ነው? ይህንን የሚያውቀው ተማሪው ነው። ስለዚህ መዝገቡ ቦታውን ካሳየ በኋላ ሄዶ ሰው ማናገር ግድ ነው። ይህንን ዘለው በቀጥታ «የጥናት ክህሎት ሥልጠና» የሚያዘጋጁ ኮሌጆች ብዙ ናቸው። ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ሥልጠናው ላይ የሚገኙት ብዙ ጊዜ ቀድሞውንም የማይወድቁት ተማሪዎች ናቸው።

መረጃ ለክፉም ይውላል። በ2016 መጀመሪያ ሜሪላንድ ውስጥ ባለው በማውንት ሴንት ሜሪስ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ለዚህ ምስክር ነው። አዲስ ተማሪዎች የሚሞሉት መጠይቅ ነበር። የተማሪዎቹ ጋዜጣ እንዳጋለጠው ፕሬዝዳንቱ በመጠይቁ ተጠቅመው ሊያቋርጡ የሚችሉትን ለይተው ከ20 እስከ 25 ተማሪዎች ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንዲወጡ አስበው ነበር። ምዝገባው ተቆጥሮ ሳይላክ ከወጡ የተመላሾች መጠን ያምራላ! ጩኸት ተነሣ፤ ፕሬዝዳንቱም በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ ማብቂያ ሥልጣን ለቀቁ። ቁጥሩን ማሻሻልና ተማሪውን መርዳት አንድ ነገር አይደሉም። ደካማውን ፈልጎ መደገፍም ደካማውን ፈልጎ ማስወጣትም በዚያው አንድ ዝርዝር ይሠራል። ዝርዝሩን የያዘው ሰው ምን እንደሚፈልግ ነው የሚወስነው።

በአገር ቤት ያላችሁ መምህራን «ይህ የገንዘብና የሶፍትዌር ጉዳይ ነው» እንዳትሉኝ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ሁሉ የመውጫ ፈተና ይፈተናሉ። ውጤቱ ሲወጣ የምናወራው ስንቱ አለፈ፣ የትኛው ተቋም አሳለፈ ነው። ለኮሌጁ የሚጠቅመው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። የወደቁት ተማሪዎች ሁለተኛ ዓመት ላይ የትኛው ኮርስ ላይ ተንገዳግደው ነበር? መልሱ ሬጅስትራር ቢሮ ውስጥ ነው። አንዳንድ ክፍሎች ውጤቱ መጥፎ እንዳይባል መዝገቡን ማሳየት ይከብዳቸዋል፤ በሽታውን የደበቀ ደግሞ መድኃኒት አይገኝለትም።

ለመጀመር አንድ የትምህርት ክፍል በቂ ነው። ያለፉትን ሦስት ዓመታት የግሬድ ሪፖርት መውሰድ። የተማሪዎቹን ስም አጥፍቶ ኤክሴል ላይ በኮርስ መደርደር። በእያንዳንዱ ኮርስ ዲ፣ ኤፍና ኤንጂ (ግሬድ ያልተሰጠው) ያገኙትን፣ ዊዝድሮው ያደረጉትንም ጨምሮ መቁጠር። ከዚያ በመደበኛና በኤክስቴንሽን፣ በሴትና በወንድ ከፍሎ እንደገና ማየት። አንድ ሰው በሁለት ቀን ይጨርሰዋል። በዝርዝሩ አናት ላይ የሚመጣውን ኮርስ ካገኛችሁ በኋላ ኮርሱን የሚያስተምሩትን መምህራን አነጋግሩ፤ ኮርሱ ላይ የወደቁ አምስት ስድስት ተማሪዎችንም ቡና ጋብዛችሁ «ምን ሆናችሁ ነው?» ብላችሁ ጠይቋቸው።