የኡቡንቱ የጀርባ ፎቶዎች ከየት ይመጣሉ?

ኮምፒውተር ተከፍቶ ዴስክቶፑ ሲመጣ ዓይናችን ቀድሞ የሚያርፈው የጀርባ ምስሉ ላይ ነው። ከኡቡንቱ ጋር የሚመጡትን ብዙ የጀርባ ፎቶዎች ያነሱት ለዚህ ሥራ የተቀጠሩ ባለሙያዎች አይደሉም። በየቤታቸው ኡቡንቱን የሚጠቀሙ ሰዎች ናቸው።

ኡቡንቱ ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ ያቋቋመው ካኖኒካል የተባለ ኩባንያ የሚያዘጋጀው የሊኑክስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ማለትም ኮምፒውተሩን የሚያሠራው ዋና ሶፍትዌር፣ ነው። የመጀመሪያው እትም የወጣው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው። አዲስ እትም በየስድስት ወሩ ይመጣል፤ እያንዳንዱም በአንድ እውነተኛ ወይም የተረት እንስሳ ይሰየማል። የ8.10 እትም ስሙን ያገኘው ከአይቤክስ ነው፤ የስሜኑ ዋልያችን የዚያው ወገን ነው። ዋናውን የጀርባ ምስል የኩባንያው ዲዛይነሮች ይሠሩታል። ከእሱ ጎን የሚሰለፉት ፎቶዎች ግን በውድድር ይመረጣሉ። በ2010 እ.ኤ.አ. አካባቢ ተወዳዳሪዎች ፎቶዎቻቸውን ፍሊከር በተባለ የፎቶ ማጋሪያ ድረ ገጽ ላይ ይሰበስቡ ነበር። በኋላ ደግሞ ምርጫው ለተጠቃሚዎች ድምፅ ክፍት ሆኗል።

ፎቶው ከማማሩ በፊት ፈቃዱ ይታያል። ተወዳዳሪው ፎቶውን እንደ ክሪኤቲቭ ኮመንስ ባለ ክፍት ፈቃድ መልቀቅ አለበት። ይህ ማለት ማንም ሰው ፎቶውን መቅዳት፣ መቀየር፣ እንዲያውም መሸጥ ይችላል ማለት ነው። «ለንግድ አይውልም» የሚል ፈቃድ አይሠራም፤ ምክንያቱም ኡቡንቱን ራሱን ቀድቶ መሸጥ ይፈቀዳል፣ ፎቶው ደግሞ አብሮት ነው የሚሄደው። ለእኔ ትልቁ ልግስና እዚህ ላይ ነው። ሰውዬው በማለዳ ተነስቶ፣ ብርድ ላይ ቆሞ ያነሳውን ፎቶ ለማያውቀው ሰው ሁሉ ይሰጣል።

ቀጥሎ የሚመጣው የስክሪኑ ጉዳይ ነው። ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ልብ የሚሰርቅ ፎቶ ዴስክቶፕ ላይ ሊያስቸግር ይችላል። አበባ የሞላበት መስክ እናስብ። ቀለሙ ደማቅ ነው፣ ዝርዝሩም ብዙ። ፋይሎችን ላዩ ላይ ስናስቀምጥ ግን ነጩ ጽሑፍ ከአበባው ጋር ይቀላቀልና አይነበብም። አሁን ደግሞ ቅጠል ጫፍ ላይ ያለች አንዲት የጤዛ ጠብታ እናስብ። ጠብታዋ በቀኝ በኩል ናት፤ ግራው ጠቆር ብሎ ደብዝዟል። የኡቡንቱ የአፕሊኬሽኖች ረድፍ ከ11.04 እትም ጀምሮ በግራ በኩል ስለሆነ ይህ ፎቶ ቦታውን ያገኛል። ዳኛ ብሆን ያለማመንታት ጠብታዋን እመርጣለሁ። ስምንት ሰዓት ሙሉ የሚታይ ነገር ጸጥ ማለት አለበት።

ቁርጡም ራሱን የቻለ ፈተና ነው። የአንዱ ስክሪን የወርድና የቁመት ምጣኔ 16 ለ9 ነው፣ የሌላው 16 ለ10፣ አሮጌው ላፕቶፕ 4 ለ3 ይሆናል። ዳር ላይ የተጠጋ ነገር ተቆርጦ ይቀራል። ለዛሬ ስክሪኖች 3840 በ2160 ፒክስል ጥሩ መነሻ ነው። የድርጅት አርማና የእትም ቁጥር ያለበት ምስል አይመረጥም፤ ሰውን የሚያስቀይምም እንደዚሁ።

ድሮ የፋይሉ ክብደትም ያሳስብ ነበር። እስከ 12.04 እትም ድረስ ኡቡንቱ በአንድ ሲዲ ላይ፣ ማለትም 700 ሜጋባይት ገደማ ውስጥ፣ መግባት ነበረበት። ፎቶዎቹም የሚሻሙት ያንኑ ቦታ ነው።

የተመረጡት ፎቶዎች ከሲስተሙ ጋር አብረው ይጫናሉ። ማየት የፈለገ ሰው «ዩኤስአር»፣ ከዚያ «ሼር»፣ ከዚያ «ባክግራውንድስ» የሚባለውን ፎልደር ይክፈት። በብዙዎቹ ፋይሎች ስም ላይ መጀመሪያ የፎቶው ርዕስ አለ። ቀጥሎ ያነሳው ሰው ስም ተጽፏል።