የሰብል አዳቃይ ምንድን ነው?

ከድሬዳዋ ተነስቶ የደንገጎን ዳገት የጨረሰ መንገደኛ ሐረር እስኪገባ ድረስ ከጫቱና ከድንቹ ማሳ ጋር የተቀላቀለ ማሽላ ያያል። በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሙከራ ማሳ ግን በአበባ ወራት ማሽላው ሌላ መልክ ይይዛል፤ የአንዳንዱ ተክል ራስ በወረቀት ከረጢት ተሸፍኖ፣ በከረጢቱ ላይ ቁጥርና ቀን ተጽፎበት ይቆማል። ያንን ከረጢት የሚያለብሰው ባለሙያ የሰብል አዳቃይ ይባላል፤ በምርምር ጣቢያ አብዛኛው ሰው «ብሪደር» ብሎ ይጠራዋል።

የሰብል አዳቃይ የተለያየ መልካም ጠባይ ያላቸውን ሁለት ዝርያዎች ሆን ብሎ የሚያዳቅል፣ ከዚያም ከልጆቻቸው መካከል የሁለቱን ጥሩ ጎን የወረሱትን ለብዙ ትውልድ እየለየ አዲስ ዝርያ የሚያወጣ ተመራማሪ ነው። ስሙ የተገኘው ከማዳቀል ቢሆንም ማዳቀሉ ጥቂት ቀናት የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ዕድሜውን የሚወስደው መምረጥ፣ በትክክል ለመናገር ደግሞ መጣል ነው።

ማሽላ በአብዛኛው በራሱ የአበባ ብናኝ የሚዳቀል ሰብል ስለሆነ፣ አዳቃዩ እናት ትሆናለች ካላት ተክል ላይ የእያንዳንዷን ደቃቅ አበባ ወንዴ ክፍል ሳይፈነዳ በወረንጦ ይነቅላል፤ ከዚያ የአባቱን ብናኝ አምጥቶ ያራግፍባትና የባዕድ ብናኝ እንዳይደርስባት በከረጢት ይሸፍናታል። የመጀመሪያው ትውልድ እርስ በርሱ ይመሳሰላል። በሁለተኛው ግን ረጅሙና አጭሩ፣ ቀዩና ነጩ፣ ፈጥኖ የሚደርሰውና የሚዘገየው ተበታትነው ይወጣሉ፤ ምርጫው የሚጀመረው እዚህ ላይ ነው። የተመረጠው ጠባዩ እስኪረጋ አምስት ወይም ስድስት ትውልድ መዘራት አለበት፤ በሐረርጌ ደጋ ሚያዝያ ግድም የተዘራ ረጅም ማሽላ የሚታጨደው በኅዳርና በታኅሣሥ ስለሆነ፣ ቆላ ወርዶ በመስኖ ሁለተኛ ዙር ካልዘሩለት በቀር አንድ ትውልድ ማለት አንድ ዓመት ነው። ከዚያም በኋላ ዝርያው በልዩ ልዩ አካባቢዎች ከነባሮቹ ጋር ቢያንስ ለሁለት ዓመት ይወዳደራል፤ በመጨረሻም በምርምር ጣቢያና በገበሬ ማሳ ላይ፣ አሥር ሜትር በአሥር ሜትር በሆነ መደብ ተዘርቶ፣ ዝርያ የሚያጸድቀው ብሔራዊ ኮሚቴ የሚልካቸው ገምጋሚዎች ያዩታል። ሁሉም ሲደመር ከአሥር ዓመት በላይ ይሄዳል።

ይህ የጊዜ ርዝመት ሙያውን ከሌላው የምርምር ሥራ ለየት ያደርገዋል። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ በቆይታው የሚያገኘው አንድ፣ ቢበዛ ሁለት አዝመራ ነው፤ ስለዚህ ብዙውን ጊዜ መምህሩ ወይም ከመምህሩ በፊት የነበሩት ያዳቀሉትን ተረክቦ ይመዝናል እንጂ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የራሱ የሆነ ዝርያ አያወጣም። በዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከሌክቸረርነት ወደ ረዳት ፕሮፌሰርነት፣ ከዚያም ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰርነት ለመውጣት በታወቁ መጽሔቶች የታተመ ጽሑፍ ያስፈልጋል፤ አዳቃይ ዝርያውን ሳይጨርስ በመካከል የሚያገኛቸውን ውጤቶች እያተመ ካልሄደ እድገቱ ይቆማል። ሙያውን የሚመርጡ ወጣቶች ይህን አስቀድመው ሊያውቁት ይገባል ብዬ አምናለሁ። ከጽሑፉ እኩል የመስክ መዝገባቸውን ሊንከባከቡም ይገባል፤ የትኛው መስመር (ከአንድ ተክል እየተመረጠ የወረደ ትውልድ) ከየትኛው እናትና አባት እንደመጣ የሚናገረው ወረቀት ከጠፋ፣ ዘሩ በእጅ ላይ እያለ የዓመታት ምርጫ ትርጉሙን ያጣል።

የትዕግሥቱን ፍሬ ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። የማሽላ አዳቃዩ ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ እ.ኤ.አ. በ1973 በመጀመሪያ ዲግሪ የተመረቁት ከዚሁ ከሐረማያ ግቢ፣ ያኔ የአለማያ እርሻ ኮሌጅ ይባል ከነበረው ነው። በሱዳን ድርቅ የሚቋቋም ዲቃላ ማሽላ አወጡ፤ ቀጥሎም ፊታቸውን ወደ አቀንጭራ አዞሩ። አቀንጭራ ዘሩ በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተኝቶ ቆይቶ፣ እንደ ማሽላ ካለ ተክል ሥር የሚወጣውን ንጥረ ነገር ሲያገኝ ብቻ የሚበቅልና ከሥሩ ተጣብቆ የሚመጠምጥ ጥገኛ አረም ነው። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው ያንን ቀስቃሽ ንጥረ ነገር በጣም በጥቂቱ የሚለቁ ማሽላዎችን ለይተው ጠባዩን ወደ ሌሎች ዝርያዎች አሻገሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት የተሰጣቸውም በድርቅና በአቀንጭራ ላይ ለሠሩት ሥራ ነው።

አዳቃይ ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ ያለበት ግን ምን እንደሚመርጥ ሲወስን ይመስለኛል። በሚዛን ላይ ብዙ እህል የሰጠ አጭር ማሽላ በወረቀት ላይ አሸናፊ ነው፤ የሐረርጌ ገበሬ ግን ማሽላን የሚዘራው ለእህሉ ብቻ አይደለም። አገዳው የከብት መኖ፣ የምድጃ ማገዶ፣ የአጥርና የጎጆ መሥሪያ ይሆናል፤ ጣፋጩንም ልጆች እንደ ጥንቅሽ ይመጡታል። ፈጥኖ የሚደርስ ዝርያ ለብቻው ቀድሞ ሲያፈራ ደግሞ የአካባቢው ወፍ ሁሉ እርሱ ላይ ይሰፍራል። ገበሬው እንደ ሙይራና ፈንዲሻ ያሉትን ነባር ማሽላዎቹን ሳይተው የሚቆየው እንዲህ ባለው ምክንያት ነው፤ አዳቃዮችም ዛሬ ወንዶችንና ሴቶችን ገበሬዎች ሰብሉ ሳይታጨድ ወደ ሙከራ ማሳው እየጠሩ፣ የማሽላውን ራስ ብቻ ሳይሆን አገዳውንም ዳስሰው የራሳቸውን ደረጃ እንዲሰጡ ያደርጋሉ።