"ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም" ግን ለማን ነው የሚባለው?

አዳማ እህል ተራ ጤፍ ሳስመዝን አንድ ጋሼ "ኤዲያ፣ ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም!" ሲሉ ሰማሁ፣ ለማን መሰላችሁ፣ አካውንቲንግ ተምሮ ያባቱን መጋዘን ለተረከበ፣ ፂሙ ለሞላ ሰውዬ። እሱ መልስም አልሰጠ፣ ክንዱን እስከ ክርኑ ኩንታሉ ውስጥ ከቶ ከስር ዘገነና ማኛ ተብሎ የመጣለት ጤፍ ታች ሰርገኛ መሆኑን ለሻጩ አሳየው።

ተረቱ ያልበሰለ ሰው ሥራ አያጠግብም ነው፣ ይሄን ሁሉም ያውቃል። እኔ የምወደው ቡኮውን ነው። ክረምት ምንጃር አያቴ ጋ ስንሄድ ቡሃቃው አጠገብ ማን ይቀመጥ ብለን እንጣላ ነበር። አያቴ ዱቄቱን በውሃ ለውሳ፣ ካለፈው የተረፈውን እርሾ ጨምራ በጡጫዋ ታሸዋለች፣ ለኔ ደሞ በጣባ ጭብጥ የምታህል ሊጥ ትሰጠኛለች፣ እሷን እያየሁ አሻለሁ፣ ግማሹ እግሬ ላይ ነው። "እማማ፣ ማታ የኔን ነው ምንበላው?" ስላት ትስቅና ተረቷን ጣል ታደርጋለች።

እኔን ብትጠይቁኝ ተረቱ የተወለደው እንደዚህ ያለ ጓዳ ውስጥ ነው። የጤፍ ቡኮ እኮ የማንም ይሁን የማን ለዛሬ ራት አይደርስም! ሁለት ሦስት ቀን ይቀመጣል፣ ከላይ የጠለለው ውሃ ይደፋል፣ አብሲት ተጥሎበት ኩፍ ካላለ ምጣድ አያይም፣ የባለሙያዋም ያው ነው። ስለዚህ ሴትየዋ ልጁን ንቃ ሳይሆን ቆይ ታገስ እያለችው ነው ባይ ነኝ። ደሞ አትንካ አላለችውም፣ ሊጥ ሰጥታዋለች።

ልጆች ያባታቸውን ሥራ የሚመርጡትም በዚህ ይመስለኛል፣ ሌላ ስላጡ ብቻ አይደለም። ከትምህርት ቤት ሲመለስ የዱቤ ደብተር ሲጽፍ ያደገ፣ ማን ባመቱ እንደሚከፍል ማን እንደሚያመላልስ ሳይነግሩት የሚያውቅ ልጅ፣ ሰው ቤት ተቀጥሮ ከዜሮ መጀመሩ ነው የሚከብደው። "ሂድ አጥና፣ እዚህ ምን ትሠራለህ" እየተባለ ከሱቅ ሲባረር ያደገው ግን ዲግሪውን ከያዘ በኋላ ቢለምኑትም አይመጣ።

አሁን አሁን ተረቱን አፍ ማዘጊያ አድርገነዋል። ልጁ በቴሌብር እንቀበል፣ ሒሳቡን ስልክ ላይ ልመዝግብ ሲል ተረት ይወረወርበታል፣ የሚወረውሩት ደሞ ቁልፉንም የቼክ ደብተሩንም ኪሳቸው ይዘው የሚዞሩት ናቸው። ልጁ ሰልችቶት ዱባይ ሲሄድባቸው "የዘንድሮ ልጅ ሥራ አይወድም" ይሉላችኋል።