የእስክንድርያ መጻሕፍት በአንድ ሌሊት አልነደዱም

የእስክንድርያን ስም በቅዳሴና በስንክሳር እየሰማን አድገናል። ማርቆስ፣ አትናቴዎስ፣ ቄርሎስ፣ ድሜጥሮስ የእርሷ ሰዎች ናቸው። ያም ሆኖ ስለ ከተማዋ ከምንቀባበለው ነገር ብዙው የተዛባ ነው። (ዓመታቱ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሁሉ የሚያስቆጨኝ «ታላቁ ቤተ መጻሕፍት በአንድ ቀን ተቃጥሎ ጠፋ» የሚለው ነው። ማን አቃጠለው ሲባል አንዱ ዩልዮስ ቄሳርን፣ ሌላው ክርስቲያኖችን፣ ሦስተኛው ኸሊፋ ዑመርን ይጠራል። ቄሳር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ48 ወደቡ ላይ መርከቦች ባቃጠለ ጊዜ እሳቱ መጻሕፍት መብላቱን የጥንት ጸሐፊዎች መስክረዋል። ሆኖም ከሃያ ዓመት ያህል በኋላ ስትራቦን የተባለው የመልክዓ ምድር ሊቅ ከቤተ መጻሕፍቱ ጋር የነበረውን የሊቃውንት ማኅበር ሥራው ላይ አግኝቶታል። ክርስቲያኖች በ391 ያፈረሱት ሴራፒስ የተባለውን ጣዖት ቤተ መቅደስ እንጂ ዋናውን ቤተ መጻሕፍት አይደለም። ዑመር መጻሕፍቱን ለመታጠቢያ ቤቶች ማገዶ አደረጋቸው የሚለው ታሪክም የተጻፈው ዐረቦች ከተማዋን ከያዙ ከ500 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ጥፋቱ ዝግ ያለ ነበር። ንጉሥ በጥሊሞስ 8ኛ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ145 ገደማ ሊቃውንቱን ከከተማዋ አባረረ። መጻሕፍቱ ደግሞ እንደ እኛ ብራና ዘመን የሚሻገሩ አልነበሩም፤ የፓፒረስ ጥቅልል በባሕር ዳር እርጥበት ይበሰብሳል፣ ሲተረትሩትና ሲጠቀልሉት ይሰነጠቃል። ገልባጭ ከጠፋ መጽሐፉም ይጠፋል። በደጉ ዘመን ወደቡ የደረሰ መርከብ እየተፈተሸ የተገኘበት መጽሐፍ ይወሰድ፣ ለባለቤቱ ቅጂው ይመለስለት፣ ዋናው «ከመርከብ» የሚል ምልክት ተጽፎበት ይቀመጥ እንደነበር ሐኪሙ ጋሌኖስ ጽፏል። እንዲህ ለመጽሐፍ የሚሳሳ መንግሥት ሲጠፋ መደርደሪያው ያለ እሳትም ይራቆታል።

«ታላቁ እስክንድር የኖረባት ከተማ» ይባላል። እርሱ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ331 መሠረታት፣ በወራት ውስጥ ትቷት ሄደ፤ የተመለሰው አስከሬኑ ነው። ክሊዮፓትራም በዘር ግብፃዊት ሳትሆን የመቄዶናውያን ነገሥታት ልጅ ናት። ከሥርወ መንግሥቷ የግብፅን ቋንቋ ለመማር የበቃችው ግን እርሷ መሆኗን የጥንቱ የግሪክ ጸሐፊ ፕሉታርክ ይነግረናል።

የፋሮስ የመብራት ግንብም ከሮማውያን ጋር አብሮ የወደቀ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ግንቡ ከ1,500 ዓመት በላይ ቆሟል። የጣሉት የመሬት መንቀጥቀጦች ናቸው፤ ከእነርሱም የ1303ቱ ከባድ ነበር። የሞሮኮው ተጓዥ ኢብን ባጡታ በ1326 አንድ ጎኑ ፈርሶ አየው፤ በ1349 ሲመለስ መግባት እንኳ አልተቻለውም። በቦታው ሱልጣን ቃይትባይ በ1477 ምሽግ አሠራ። በ1990ዎቹ ጠላቂዎች ከምሽጉ ሥር ባሕሩን ሲያስሱ ስፊንክሶችንና አንዳንዶቹ በአሥሮች የሚቆጠር ቶን የሚመዝኑ የጥቁርና የቀይ ድንጋይ ጥርቦችን አግኝተዋል።

ወደ ቤታችን የሚመጣው ስህተት «አቡኖቻችን ከእስክንድርያ ይመጡ ነበር» የሚለው ነው። ፍሬምናጦስ በአራተኛው መቶ ዓመት በእርግጥ እዚያ ሄዶ ከአትናቴዎስ እጅ ጵጵስና ተቀብሏል። ነገር ግን የማርቆስ መንበር ስሙን እንደያዘ ከ11ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በካይሮ ተቀምጧል። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1881 አራቱን ጳጳሳት ያስመጡት ከካይሮ ነው፤ አቡነ ባስልዮስም በ1951 ዓ.ም. ፓትርያርክ ሆነው የተሾሙት በካይሮ ነው።

የዘመን አቆጣጠራችንንም «ወደ ኋላ የቀረ» የሚሉት አሉ። ልዩነቱ የስሌት እንጂ የመዘግየት አይደለም። የእኛ ቁጥር አኒያኖስ የተባለው የእስክንድርያ መነኩሴ በአምስተኛው መቶ ዓመት መባቻ ያሰላው ነው። የአውሮፓውያኑን በ525 ሮም ላይ የቀመረው ዲዮናስዮስም የተነሣው ከእስክንድርያው ቄርሎስ የፋሲካ ሰንጠረዥ ነው። የበዓላትና የአጽዋማት ማስሊያ የሆነውን ባሕረ ሐሳብን ደግሞ አበው ለድሜጥሮስ ይሰጡታል፤ ለእንቁጣጣሽ ሊቁ ከክርስቶስ በፊት በሚቆጠረው 5,500 ዓመት ላይ ዓመተ ምሕረቱን ደምሮ ለ4 ያካፍልና፣ ቀሪው 1 ከሆነ «ዘመኑ ማቴዎስ ነው» ብሎ ያውጃል።