የአስፋልት ድብልቅ ጥራት ቁጥጥር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ውጤቱ ከታለመው በራቀ ቁጥር ማምረቻውን ማስተካከል ያስፈልጋል።»

ትጋት ስለሚመስል ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው። የሬንጁ መጠን 5 ከመቶ እንዲሆን ታልሞ አንድ ናሙና 5.3 አሳየ እንበል። ኦፕሬተሩ ወዲያው 0.3 ይቀንሳል። ነገር ግን ድብልቁም፣ ናሙና አወሳሰዱም፣ የላቦራቶሪ ምርመራውም የየራሳቸው መዋዠቅ አላቸው። የውጤቶቹ መደበኛ ልይይት (ውጤቶች ከአማካያቸው በተለምዶ የሚርቁበት መጠን) 0.2 ከሆነ፣ ማምረቻው ልክ 5 ላይ እያለም 5.3 አልፎ አልፎ መምጣቱ አይቀርም። በየውጤቱ ልክ ሲጨምሩና ሲቀንሱ መዋል ልይይቱን ወደ 0.28 ገደማ ያሳድገዋል፤ ደህና የነበረውን ምርት የሚያበላሸው እርማቱ ነው።

አሜሪካዊው የስታቲስቲክስ ባለሙያ ዋልተር ሸዋርት በ1924 የነደፈው የቁጥጥር ሰንጠረዥ፣ ማለትም ውጤቶች በቅደም ተከተል ከአማካይና ከወሰን መስመሮች ጋር የሚነጠቡበት ሥዕል፣ የሚረዳው እዚህ ላይ ነው። በምሳሌያችን ወሰኖቹ ከአማካዩ በሦስት ልይይት ርቀት፣ 4.4 እና 5.6 ላይ ይሰመራሉ። በመካከላቸው ያለ ሥርዓት የሚዋዥቀውን መተው ነው። በአንጻሩ ስምንት ተከታታይ ውጤቶች ከአማካዩ በአንድ ወገን ቢሰለፉ፣ ሁሉም በወሰኑ ውስጥ ቢሆኑም ምክንያት መፈለግ ይገባል፦ የተዛባ ሚዛን፣ የተቀደደ ወንፊት፣ የረጠበ አሸዋ።

«አማካዩ ትክክል ከሆነ መንገዱ ደህና ነው።»

ጎማ አማካይ ላይ አይሄድም። ሬንጅ ያነሰበት ቦታ ጠጠሩ ይፈነቀላል፣ ይሰነጠቃል፤ የበዛበት በሙቀትና በጭነት ጎማ በሄደበት ይሰረጉዳል። አማካዩ ሁለቱንም ይደብቃል።

«ልምድ ያለው ባለሙያ ናሙናውን በዓይኑ ቢመርጥ ይሻላል።»

ልምድ የተከበረ ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም። ዓይን ሳይታወቀው ትልልቅ ጠጠር የበዛበትን ሻካራ ድብልቅ ይሸሻል ወይም ያሳድዳል። የቀኑን ምርት በእኩል ክፍሎች ከፍሎ፣ በየክፍሉ ናሙና የሚወሰድበትን ቶን በዕጣ መለየት ነው ትክክለኛው መንገድ።

«ሰንጠረዡ ከተረጋጋ ምርቱ ውሉን አሟልቷል።»

የቁጥጥር ወሰን የሚመነጨው ከማምረቻው፣ የውል ወሰን ከአሠሪው ነው። ውሉ ከ4.6 እስከ 5.4 የሚፈቅድ ከሆነ፣ ከላይ ያለው የተረጋጋ ማምረቻ ከ100 ውጤቶች 5 ያህሉን ከውል ውጭ ያወጣል። መፍትሔው ሬንጁን መነካካት ሳይሆን መዋዠቁን ከምንጩ ማጥበብ ነው፤ ይኸውም የጠጠር ክምሮች እንዳይቀላቀሉ መለየት፣ አሸዋውን ከዝናብ መከለል፣ ገልባጭ መኪናውን በአንድ ክምር ሳይሆን ከፊት፣ ከኋላ፣ ከዚያም ከመሃል መጫን።