የኒውዮርክን ሕፃናት ማን አተረፋቸው? የሚባለውና እውነታው

በ1900ዎቹ መጀመሪያ ሎወር ኢስት ሳይድ የኒውዮርክ የስደተኞች ሰፈር ነበር። ቤተሰብ በአንዲት ጠባብ ክፍል ተፋፍጎ ይኖራል። ኩፍኙ፣ ትክትኩ፣ ጉሮሮ የሚዘጋው ዲፍቴሪያና ተቅማጡ ልጅ ይፈጃል። ስለዚያ ጊዜ ዛሬም የሚነገሩ ስህተቶች አሉ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

«የታመመውን ልጅ ከትምህርት ቤት ማስቀረት ይበቃል»

በፍጹም። ሐኪሙ ክፍል ገብቶ ዓይን ያያል፣ ራስ ይፈትሻል። ትራኮማ፣ እከክ ወይም ቅማል ያለበትን ወደ ቤቱ ይሸኛል። የሚያክመው ግን የለም። ልጁም ከሰዓት በኋላ መንገድ ላይ ከነዚያው ጓደኞቹ ጋር ሲጫወት ይውላል። ነርስ ሊሊያን ዋልድ አንድ የ12 ዓመት ልጅ አግኝታ ነበር። ራሱ ላይ ቁስል ስላለ፣ በሄደ ቁጥር «ወደ ቤትህ» እየተባለ ትምህርት ሳይጀምር ቀርቷል። ያስፈለገው ቅባትና የሚከታተለው ሰው ብቻ ነበር።

በ1902 መጸው ሊና ሮጀርስ የምትባል ነርስ በአራት ትምህርት ቤቶች ተመደበች። ቁስሉን እዚያው ታጥባለች። ከዚያ ደረጃውን እየወጣች ቤት ለቤት ትሄድና እናትየዋን ታሳያለች። በመስከረም 1902 ከትምህርት የታገዱት ልጆች 10,567 ነበሩ። በዓመቱ፣ ነርሶቹ ከበዙ በኋላ፣ 1,101 ሆኑ። ይህን ቁጥር ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል።

«ሕፃኑን የሚያስቀምጠው ጥርስ ስለሚያወጣ ነው»

ይቺን እኛም ሰፈር እናውቃታለን። ጥርስ ግን ሕፃን አይገድልም። ገዳዩ በሙቀት ወራት ክፍት ዕቃ ውስጥ ውሎ የተበከለ ወተት ነበር። ነጋዴው ናታን ስትራውስ ከ1893 ጀምሮ በሙቀት የታከመ ወተት ለድሆች ያቀርብ ነበር።

በ1908 ደግሞ የከተማዋ ጤና ቢሮ ሐኪም ዶክተር ሳራ ጆሴፊን ቤከር አንድ ነገር አሰበች። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነርሶቹ ሥራ ይፈታሉ። ታዲያ ልጅ መወለዱ እንደተመዘገበ አራሷ ቤት ይሂዱ! ጡት አጥቢ፣ መስኮት ክፈቺ፣ እጠቢው፣ በሙቀት ጊዜ አትጠቅልይው። ምክሩ ይኸው ነበር። እሷ እንደመዘገበችው፣ በዚያ አካባቢ የሞቱት ሕፃናት ካለፈው ዓመት ሙቀት ወራት በ1,200 ያህል አነሱ። መድኃኒት እንኳ አልታደለም።

«በሽታውን ያመጡት ስደተኞች ናቸው»

በ1916 ፖሊዮ ከተማዋን ሲመታ ጣሊያኖች ተወነጀሉ። ድመት ሳይቀር በሺዎች ተገደለ። ፖሊዮው ግን ሰፊና ንጹሕ ቤት ያላቸውንም አላለፈም።

«ሁሉን ያደረገው ክትባት ነው»

ያኔ ለሕፃናት የነበረው ዋናው ክትባት የፈንጣጣ ነበር። ለዲፍቴሪያ ከፈረስ ደም የሚዘጋጅ ሴረም ቢኖርም፣ እሱ የታመመውን ማከሚያ ነው። ይህን የምለው ክትባትን ለማጣጣል አይደለም። የፖሊዮው በ1955፣ የኩፍኙ በ1963 ሲመጣ፣ ነርስና ንጹሕ ወተት ያላስቆሙትን አስቁሟል።